ደዶ ላይ ሞቻለሁ

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ
ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩወርቅ፣

እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናትሽ እማማ ጣይቱም ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። አሁን ራሱ ከሱቄ ደጃፍ ተቀምጠው «ሹራብ ልበሺ በልልኝ» እያሉኝ ነው። እንግዲህ ልበሺ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ አፈሩ እውነተኛ አፈር ነው፣ ጩኸቱም እውነተኛ ጩኸት ነው። ፊልሙ እናንተ መሥሪያ ቤት ታጥቦ ለቆረጣ እጅሽ ሲገባ «ሙሐዲን ተጎድቷል» ብለሽ መቀስሽን መጣልሽን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። አልተጎዳሁም፤ ተበላሁ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበዓል ኮሚቴያችን ሊቀመንበር ጓድ አብተው ለየበዓሉ አንድ አጭር ፊልም ይውጣ ብሎ ወሰነ። አጭር ሲባል፣ የቀረበልሽ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ። ታሪኩን የጻፈው ራሱ ነው። አንድ ባላባት ይሞትና ይቀበራል። ከዚያ በበዓል ዋዜማ ከመቃብሩ ተነሥቶ በየቤቱ እየዞረ «ሙክቴን አምጡ» ይላል። በመጨረሻ ገበሬዎቹ በዘነዘና አሯሩጠው ይመልሱታል። ያስቃል ብሎ ነው ወይስ ያስፈራል ብሎ፣ እስካሁን አልገባኝም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

ባላባት የሚሆን ሰው ጠፋ። ባላባት ትመስላለህ መባልን የማይፈራ ማን አለ? እኔን የመረጡኝ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነው፤ ከፈኑን በነፃ ይሰፋልናል ብለው። ከፈን ተቆርጦ ይጠቀለላል እንጂ አይሰፋም ብላቸው፣ ጓድ አብተው «የባላባት ከፈን ስለሆነ ኪስ ይኑረው» አለ። ስለዚህ ለራሴ ከፈን በራሴ መኪና ኪስ አወጣሁለት። የጅሬን ሽማግሌዎች መቃብር ቦታችን መጫወቻ አይደለም ስላሉ፣ ጉድጓዱ ቡና ጫካ ዳር ተቆፈረ። ማንም ያላየው ነገር፣ ጉድጓዱ የጉንዳን መንገድ ላይ ነበር። አንቺ ያየሽው ትንሣኤ እንግዲህ ያ ነው። አዘጋጁ «እንዲህ ያለ ተዋናይ አይቼ አላውቅም» ብሎ አቀፈኝ፤ እኔ ሱሪዬን እያራገፍኩ ነበር።

ለእናቴ ለዘይቡ አልነገርኳትም። ደዶ ከታናሽ ወንድሜ ከጅብሪል ጋር ማሳዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ፊልም የሚባል ነገርም አይታ አታውቅም። ልጅሽ ከፈን ለብሶ ሙክት ሲለምን ዋለ ቢሏት ምን ትላለች? ከማን ትሰማለች ብዬ ተውኩት።

ወንድምሽ ሙሐዲን


አዲስ አበባ
ኅዳር 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሐዲን፣

ሹራቡን ለብሻለሁ፤ ለእማማ ንገርልኝ። ከእሳቸው ደጃፍ ያንተ ደጃፍ መሻሉን ግን እስከ መቼ እንደምሰማ አላውቅም። አሁን ልጃቸው አንተ ሆነሃል፣ እኔ አዲስ አበባ ያለሁ ጎረቤት።

ቀረጻው ላይ የነበረችው ያቺ ፍየል ከፈንህን የምትበላበት ቦታ ለምን ቀረ ብለህ በሰው ላስጠየቅኸኝ፣ የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም። ፊልሙን የገመገሙት ጓዶች ስቀው ስቀው ዕንባቸውን ጠረጉና፣ ከመካከላቸው አንዱ «ለመሆኑ ይሳቃል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ፊታቸውን አኮሰተሩ። ፍየሏ የዚያን ጊዜ ነው የወደቀችው። ለእኔ ግን ከሁሉ የከፋኝ መጀመሪያ ላይ የምትቀበርበት ነው። ፊትህ ተገልጦ ዓይንህን ጨፍነህ አፈሩ ሲወርድብህ፣ በልጅነትህ ከደዶ ከመጣህ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ አብረን አፈር ስንፈጭ ያደግን መሆናችን ትዝ አለኝና ቶሎ አሳለፍኩት።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ፊልም የምታሳየው መኪና ታኅሣሥ ላይ የቡና አገሮቹን ልትዞር ነው፤ አጋሮን፣ ሴካን፣ ደዶን። ደዶ የሚለውን ሳይ እናትህ ትዝ አሉኝ። በፖስታ ቤት በኩል ከሄደ ስንት ዓይን እንደሚያየው ስለምታውቅ፣ ይህን በቡና መኪናው ሾፌር በአብዱልፈታሕ እጅ ልኬልሃለሁ። ሳትውል ሳታድር ደዶ ሂድና አስቀድመህ ንገራቸው።

እህትህ ጥሩወርቅ


ጅማ
ጥር 16 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩወርቅ፣

ምክርሽ መልካም ነበር። የአብዱልፈታሕ መኪና አባልቲ ላይ ተሰብራ ከረመችና ደብዳቤሽን ሳነብ ግን እኔ ሞቼ፣ ተለቅሶልኝ፣ ሰደቃዬም ተበልቶ ነበር።

እንዴት አወቅህ ብትይኝ እናቴ መጣች። ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። በሩ ላይ ጥቁር ነጠላ አጥፋ ለብሳ ቆማ አየኋት። ለካ የመጣችው ልብሴን ሰብስባ ወስዳ ለድሀ ልትሰጥ ነው። ቀና ስል አየችኝ። ጮኸች፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች። ከዚያ በጥላዋ መታችኝ። አንድ ጊዜ ራሴን፣ አንድ ጊዜ ትከሻዬን፤ ሥጋ መሆኑን ስታረጋግጥ ነው መሰለኝ። እማማ ጣይቱ ሮጠው ደርሰው ውሃ ረጩባት፤ ረጭተው ሲጨርሱ እኔንም ረጩኝ።

እኔ የሰማሁትን ስሚ። መኪናዋ ደዶ ደርሳ ከመግሪብ በኋላ አንሶላ ተወጠረ። አገሩ ሁሉ ወጣ፣ እናቴ ከፊት ተቀመጠች። ፊልሙ ሲጀምር ልጇ ሬሳ ሆኖ ታየ። ተከፈነ፣ ጉድጓድ ወረደ፣ አፈር ተመለሰበት። ልክ አፈሩ ፊቴን ሲሸፍነው ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ጉንዳኑን አላዩ፣ ሙክቱን አላዩ፣ ዘነዘናውን አላዩ። ባለ መኪናው በአማርኛ «ቀሪው አለ፣ ይነሣል» ሲል፣ ይህ ሰው ስለ ትንሣኤ ቀን እያጽናናን ነው አሉ። በማግሥቱ መኪናዋ ሄደች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገመቹ አስተዋይ የሚባል ሰው ነው። እሱም «ፎቶግራፍ የሌለን ነገር አያነሣም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከዚያ ለሩቅ ሟች የሚሰገደውን ሶላት ሰገዱልኝ። በሬያችን ታረደ። እናቴ በመጨረሻ መናገር ስትችል ያለችኝ ምን መሰለሽ? «በሬው እኮ ተበላ፣ አሁን ለሰዉ ምን እላለሁ?» አለችኝ። ስቄ አቀፍኳት፣ እሷም እየሳቀች አለቀሰች። አንድ ቀን አድራ፣ ልጄ ሕያው ነው ብዬ ልንገር ብላ ተመልሳለች።

ለእኔ ግን ሳቁ ብዙ አልቆየልኝም። ሰው ለእኔ እንዴት እንዳለቀሰ አንድ በአንድ ስትነግረኝ፣ እኔ ያልነበርኩበት ትልቅ ነገር ያለፈኝ መሰለኝ።

ወንድምሽ ሙሐዲን


ጅማ
የካቲት 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩወርቅ፣

ለምን ዝም አልክ ብለሽ ሁለቴ ጽፈሻል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ በሬው የቀለድሽውን አንብቤ መልስ ጀምሬ ነበር፣ ግን መቀለድ አቃተኝ። አሁንም ይህን የምጽፈው አብዱልፈታሕ በእጅሽ እንደሚሰጥሽ ስላረጋገጠልኝ ነው።

እናቴ ደዶ ስትደርስ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ተጀምሮ አገኘች። ማኅበሩ ይህን ያህል ልጅ አቅርብ ተብሏል። ገመቹ ሰው ሰብስቦ የየቤቱን ልጅ ሲጠራ እሷ አልነበረችም። ከየቤቱ አንድ አንድ እያነሣ እኛ ቤት ሲደርስ «ዘይቡ አንዱን ቀብራለች፣ የቀራት ጅብሪል ብቻ ነው፤ አንድ ልጅ ከቀረው ቤት አልወስድም» ብሎ አለፈው። በእኛ ፈንታም የሌላ ሰው ልጅ ሄደ። እንዲህ ባለ ቀን እናቴ ገብታ «ሙሐዲን አልሞተም» ትበል? ጅብሪል አሥራ ስምንት እየሞላው ነው። ባለፈው ወደ ሰሜን ከሄዱት የሰፈሩ ልጆች ወሬ የመጣለት የለም። አፏን ዘጋች፣ ሐዘኗ ላይ ተቀመጠች።

በጅብሪል የላከችብኝ ቃል አጭር ነው፦ «ልጄ፣ ሞተህ ቆይ።»

ስለዚህ ደዶ ላይ ሞቻለሁ። ገበያ ላይ የደዶ ሰው ሳይ ሱቄን ዘግቼ ከእማማ ጣይቱ ጓዳ እገባለሁ። እሳቸውም «ሟች፣ ሻይ ልስጥህ?» ይሉኛል። ሲሉኝ ያስቀኛል። ጅብሪልን ሳስብ ግን ሞቴ አንሶት እንዳይሆን እፈራለሁ።

አሁን ደግሞ ጓድ አብተው ባላባቱ ለሜይ ዴይ ይነሣ አለ። የመጀመሪያውን ሰዉ ወዶታል። አሞኛል ብለው አይሰማም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ ብለው፣ «አልነሣም ያልክበት ምክንያት ምንድን ነው ተብለህ እንዳትጠየቅ» አለኝ። ተነሥቻለሁ። ፊልሙ በዚህ ሳምንት እናንተ ጋ ይደርሳል። መኪናዋም ደዶ መሄዷ አይቀርም። ይህን ጊዜ ጄኔሬተሩ ካልቆመ፣ ቆሜ ስሄድ አገሩ ሁሉ ያየኛል።

ጥሩዬ፣ ፊቴን ቁረጪልኝ። ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

ሙሐዲን


አዲስ አበባ
መጋቢት 30 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሐዲን፣

ተቆርጧል። ፊትህ የነበረበትን ሁሉ አውጥቼዋለሁ፤ አጠገቤ የምትሠራዋ ልጅ ምሳ ስትወጣ እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀርቼ። የተቆረጠው ሁሉ ስለሚጠየቅ፣ ጅማ ላይ ብርሃን ገብቶበት ተበላሽቷል አልኩ። ጅማ ላይ ማላከክ ለእኔ ለልጇ አይከብድም።

የቀረው ነገር ግን አንተ ያሰብከው አይመስልም። ከአንገትህ በታች ብቻ ነው ያለው። ከፈን ይሄዳል፣ እጅ በር ይመታል፣ ኪስ ይከፈታል። ራስ የለም። እኔ ራሴ ሠርቼው፣ ሲታይ ወንበሬን ያዝኩ። ድሮ የሚያስቀው ፊትህ ነበር ለካ። ገምጋሚዎቹ አንዳቸውም አልሳቁም። ጨርሰውም «በጣም ጥልቅ ነው» አሉ።

ጅብሪል እንዴት ነው? እናትህስ? እዚህ ነገሩን የሚያውቅ ማን አለ ብለህ እንዳትሰጋ፤ እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም አልተነፈስኩም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ጥሩወርቅ


ጅማ
ሰኔ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩወርቅ፣

አላህ እጅሽን ይባርክ እያልኩ ነበር። አሁን የምጽፍልሽን ስታነቢ፣ አንቺን የምወቅስ እንዳይመስልሽ።

ራስ የሌለው ባላባትሽ የቡና አገሩን አሸበረው። ደዶ ላይ ማንም አላወቀኝም፣ ለዚህ ምስጋና ይድረስሽ። ሰዉ ግን ራሱ የጠፋበት ሙት ራሱን ሲፈልግ በየቡናው ጫካ ይዞራል ብሎ አመነ። አጋሮ ላይ ሴቶቹ ለአረም አንገባም አሉ። ሴካ ላይ አንዱ ነጭ ነጠላ ለብሶ ከጫካ ቢወጣ በድንጋይ ራሱን ፈነከቱት። ጓድ አብተው መጀመሪያ ደስ ብሎት «ሕዝቡ ፊውዳሊዝምን እንዲህ ሲፈራ ታይቶ አያውቅም» ብሎ ሪፖርት ጽፎ ነበር። ቡናው አረም ሲውጠው ግን ከበላይ ጠሩት። ምን እንዳሉት አልነገረንም። ሲመለስ ያንኑ ሪፖርቱን ፈልጎ ሲቀድ አይቻለሁ፤ እሱም የሚፈራው አለው።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው ይህ ነው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተዋናዩ በአካል በየከተማው መድረክ ላይ ይቅረብ። ራስ እንዳለው ሕዝቡ ይይ፣ ተረጋግቶም ለቀማ ይግባ። አጋሮ፣ ሴካ፣ በበዓሉ ቀን ደግሞ ደዶ።

ደዶ ለምን እንደማልሄድ ልነግራቸው አልችልም። ብነግራቸው ጅብሪል ይሄዳል። ብጠፋ ፈልገው ቤተሰቤን ይጠይቃሉ፤ ያው ጅብሪል ይሄዳል። ለገመቹ ልንገረው እላለሁ፣ ከዚያ በእሱ ፊት ስንት ልጅ እንደሄደ አስባለሁ። በየትም ብዞር አንድ ቦታ ነው የምወጣው። የምታውቂው ነገር ካለ ጻፊልኝ።

ሙሐዲን


አዲስ አበባ
ነሐሴ 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሐዲን፣

ይህን ያህል የዘገየሁት ጥሩ መልስ ስፈልግ ነው። አላገኘሁም።

ፊልሙን ዳግመኛ መቁረጥ አልችልም፤ ቢቻለኝም አንተን ከመድረክ ላይ የሚቆርጥ መቀስ የለም። ደግሞም ከቆረጣ ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሬያለሁ። ለምን አትበለኝ። ለእማማ አትንገርብኝ፤ ብቻ ሥራ በዝቶባታል በላቸው።

ከቻልክ ታመም። ካልሆነ ፊትህን በዱቄትም በከሰልም አስቀባ፤ ሙት ነኝና ሙት ልምሰል በላቸው። ይህን ስጽፍልህ ምን ያህል ትንሽ ምክር እንደሆነ ይታየኛል። አልቅሻለሁ፣ እንድታውቀው ብዬ ነው።

ጥሩወርቅ


ጅማ
መስከረም 7 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩወርቅ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ጅብሪል ቤት ነው። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ረጋ ብለሽ እንድታነቢ ነው።

ከክሊኒክ የሕመም ወረቀት አውጥቼ ለጓድ አብተው ወሰድኩለት። «ሙት ደግሞ ይታመማል?» ብሎ ሳቀና ኪሱ ከተተው። ዱቄቱን ግን ፈቀደልኝ። አጋሮና ሴካ ፊቴን ተለቅልቄ፣ ከፈኔን ለብሼ፣ ራሴን ግራና ቀኝ እያዞርኩ አሳየሁ። ልጆች አለቀሱ፣ አዋቂዎች አጨበጨቡ። በዚሁ ያልፋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ደዶ መድረክ ላይ ስወጣ ጓድ አብተው ሳፋ ውሃ አስመጣ። «ሙት የሚባል የለም፣ ሰው ነው፤ ይታጠብና እዩት» አለ። ቀስ ብዬ ታጠብኩ። ምን ያህል ቀስ ብልም ዱቄት ዱቄት ነው፣ ለቀቀ። ቀና ስል ያን ሁሉ ሰው አየሁት። ጅብሪል ከወጣቶቹ መካከል ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ገመቹ ከአጠገቤ ነበር። ዱቄቱ ሳይለቅም አውቆኛል መሰለኝ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

ጓድ አብተው ከወረቀቱ አነበበና «ትውልዱም እዚሁ ደዶ ነው ይላል። የማን ልጅ ነው?» አለ። ሰዉ ወደ ገመቹ ዞረ። ገመቹ እናቴን ከሕዝቡ መካከል ፈልጎ አየና፣ «እዚህ የሞተ ልጅ ያላት እናት አለች፣ እሱን ይመስላል። እሷ ትየው» አለ። ሊያጠፋን ይሁን ሊያድነን በዚያች ሰዓት አላወቅሁም። አሁን ሳስበው እሱም ራሱ አላወቀም።

እናቴ ወጣች። ከጥር ወዲህ አላየኋትም፤ ከስታለች። አገጬን ይዛ ወደ ግራ አዞረችኝ፣ ወደ ቀኝ አዞረችኝ። ዕንባዋ ይወርዳል። «ኢልማ ኮ ሚቲ» አለች። ልጄ አይደለም ማለቷ ነው። ገመቹ ተረጎመው። ጓድ አብተው «ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?» ሲል፣ ገመቹ «የሞተውን ስለመሰላት ነው» አለ። ከዚያ ከሕዝቡ አንድ ሽማግሌ «አናውቀውም» አለ። ሌላውም አናውቀውም አለ። ልጃቸው በጅብሪል ፈንታ የሄደባቸው ሴትዮ ከፊት ነበሩ። እሳቸውም አዩኝ፣ አዩኝና፣ «አናውቀውም» አሉ። ጥሩዬ፣ የእሳቸውን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም፤ በየትኛውም ሞቴ።

ጓድ አብተው እፎይ ብሎ «ወረቀቱ ተሳስቷል» አለና አስጨበጨበ። እንግዳ ባዶውን አይሸኝም ተባለና እናቴ በዓሉን አስመልክታ የሠራችውን ገንፎ አመጣችልኝ። ጓድ አብተው ከጎኔ ይበላል፤ ገመቹ መካከላችን ሆኖ የምትለውን አንድ በአንድ ይተረጉምለታል። እሷም ደዶ ውስጥ እንግዳ እንደሚጠየቀው ጠየቀችኝ፤ አገሬን፣ ሥራዬን፣ ጤናዬን።

«እናትህ በሕይወት አለች?» አለችኝ።

«አለች» አልኳት።

«አላህ ያቆይልህ። ስታገኛት፣ ልጅሽን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው ብላለች በልልኝ።»

ገመቹ ይህችን ለመተርጎም ትንሽ ቆየ።

«እሺ እማማ፣ እነግርልዎታለሁ» አልኳትና መኪናው ላይ ወጣሁ።

ሙሐዲን